«ወደፊት» የሚባለው ባቡር

ከከሚሴ እስከ ባቲ ባለው አገር ሞተር ሲታመም የሚጠራው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከዘይት ጣሳና ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው። ዛሬ ግን ኮሌጅ የጨረሱ ልጆች ሞተር እምቢ ሲላቸው ደጄን ያንኳኳሉ። ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጨፋ ሜዳ ላይ ባቡር ባላየው አዲስ ሐዲድ ጥግ ስሄድ አንድ የባጃጅ ሾፌር አቁሞ፣ «አባባ፣ ይሄ ባቡር መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። አፌ ላይ የመጣው «ወደፊት» የሚል ቃል ነበር። ልጁ ስቆ ሄደ። በዚህ ቃል ሲሳቅብኝ ሁለተኛዬ ነው።

በጉብዝናዬ ወደ ሰሜን ወጥቼ ቻይናዎች በሚሠሩት መንገድ ላይ ድንጋይ እፈልጥ ነበር። ሚስተር ሊ የሚባል መካኒክ ወደደኝ፤ ሞተር ሲያስተምረኝ ቶሎ ስለሚገባኝ ነው። አገሩ ሳለ የዕቃ ባቡር እሳት አንዳጅ ነበር። ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ሥዕል ሰጠኝ። ባቡሩ ጥቁር ነው፤ በየጎኑ እስከ ደረት የሚደርሱ አምስት ቀያይ ጎማዎች፣ ከፊትና ከኋላቸው አንዳንድ ትንንሽ አሉት። ሆዱ በአካፋ አይጠግብም፤ ከሰሉን የሚያጎርሰው ሌላ ማሽን አለው። ስሙ «ቺያንጂን» ነው። ሊ እጁን ወደ ፊት እየዘረጋ አስረዳኝ፤ «ወደፊት» ማለት ነው። ፊሽካውንም በአፉ እየነፋ አስተማረኝ። ሲነፋ ዓይኑ እንባ ያቀር ነበር፤ ከቤቱ ከራቀ ቆይቷል።

ማሽላው ሲያሸት ተመለስኩ። ያመጣኝ የሉባባ ናፍቆት ነበር፤ የአባ ሰይድ ልጅ ናት። አጎቴን አያ ሁሴንን ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ «ልጁን ራሱን ልየው» ስላሉ አብሬ ሄድኩ። የማሽላ ቂጣ በቅቤ ርሶ ቀረበልን። ሉባባ ከመጋረጃው ኋላ ነበረች።

«ልጁ ባቡር አውቆ ነው የመጣ» አሉ አጎቴ።

በኛ አገር ያኔ ባቡር ሲባል ወፍጮ ነው።

«ማሻ አላህ» አሉ አባ ሰይድ። «ሴቶቻችን እህል ተሸክመው ከሚሴ መውረዳቸው ሊቀር ነው። የት ትተክለዋለህ?»

አጎቴ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። እኔ ግን ያን የመሰለ ነገር ወፍጮ ሲባል መስማት አልቻልኩም። ሥዕሉን ዘረጋሁ።

«አባ፣ ይሄ አይተከልም፤ ይሄዳል።»

«ጤፍ ይፈጫል?»

«አይፈጭም። ከባድ ዕቃ ይጎትታል።»

«እና መቼ ይመጣል?»

በዚያው አፍታ አብረውን ከተቀመጡት ጎረቤቶች አንዱ ሥዕሉን እያዩ «መቃን ኢሳ ኤኙ?» ብለው በኦሮምኛ የባቡሩን ስም ጠየቁኝ። የመለስኩት ለእሳቸው ነበር፤ «ወደፊት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባ ሰይድ ግን አልሳቁም።

«እንግዲያው ልጄንም ወደፊት ትወስዳታለህ፣ ኢንሻ አላህ» አሉና ተነሡ።

ቂጣውን ሳልቀምሰው ወጣሁ።

ሉባባን ባቲ ወፍጮ የተከለ ሰው አገባት። ከዓመታት በኋላ ያ ወፍጮ ቆመ፤ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ሳስነሳው ዱቄት የለበሰ ሻሿን እያራገፈች ውሃ አቀበለችኝ።

«ይሄኛው ይፈጫል» አለች። ጣሳውን እየተቀበለችኝ፣ «ያንተስ ደረሰ?»

«መንገድ ላይ ነው» አልኳት።

ሌላ ሴት አልጠየቅሁም። ሞተር ጊዜ ይበላል።

አሁን ሐዲዱ ጨፋን አቋርጦ ተዘርግቷል፤ ፍየሎች ያርፉበታል። ባቡር ማለት የሚሄድ መሆኑን ዛሬ ሕፃን ያውቃል። «አላልኳችሁም?» ብዬ እንዳልላቸው ግን በዚያ ቤት የሳቁት ሁሉ አልፈዋል። ሉባባም አልፋለች፤ አላህ ይማራት።

ቢሆንም ዕድሜዬ ባዶ አይደለም። ራሴን ማንበብ አስተማርኩ። ቆሞ የቀረ ወፍጮ ሁሉ አስነሳሁ፤ የባቲውንም። ቻይና ሳልረግጥ የቻይናን ባቡር ከነስሙ አወቅሁ። ሥዕሉን አይጥ ሳይበላው እስከ ዛሬ አቆየሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ፣ ባጃጁ ከሄደ በኋላ፣ ሐዲዱ መሐል ቆሜ የሊን ፊሽካ በአፌ ነፋሁ፤ ከቦርከና ወንዝ ማዶ የሚግጡት ከብቶች ሁሉ ቀና ብለው ወደ ሐዲዱ አዩ።