የአይስቴ ማንገቻ

«አይስቴ» ያሉት ጥይቱ ዒላማ ስለማይስት ነው። እርሻ የሚያወድም ከርከሮ በመጣ ቁጥር ሰፈሩ የሚጠራው እሱን ነበር፤ ኩራቱም ይኸው ብቻ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ግን ጠላቱ ከርከሮው ሳይሆን ዳገቱ ሆነ። የጠመንጃው ቀጭን ጠፍር ትከሻውን እየቆረጠው፣ ሰደፉ ከዳሌው እየተጋጨ፣ ያን ድንጋያማ ገደል ሲወጣ ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች።

የደረሰለት በሠርጉ ቀን ሚዜው የነበረው፣ እስከ ዛሬም «ሚዜዬ» የሚለው ኮርቻ ሰፊ ነው። ለበቅሎ ጀርባ የሚጨነቅ ሰው ለጓደኛው ትከሻ ያንሳል? ውስጡ የተሞላ፣ በሁለቱም ትከሻ የሚያዝ ሰፊ ማንገቻ ሰፋለት። ጠመንጃው ጀርባው ላይ ልጥፍ አለ፤ እጆቹም ድንጋይ ለመጨበጥ ነጻ ወጡ።

«የተሸከምኩ አይመስለኝም እኮ!»

«ተው አታጋን፣ ቆዳ ነው» አለ ሚዜው።

ማታ ሚስቱ «ዛሬስ ትከሻህን አልቆረጠህም?» ስትለው ሚዜውን ይመርቃል።

ጣቶቹ ጠዋት ጠዋት ስለሚደርቁ ጥይት የሚያጎርስለት አብሮት ለአደን የሚወጣው ሚዜው ነው። «ጎርሷል» ካለ አለቀ፤ ከፍቶ ማየት ጓደኛን መፈተሽ ነው። ደግሞ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚተኩሰው ሚዜው ስለነበር አይስቴ ቃታ ሳይስብ ዓመት አለፈው።

አንድ ጠዋት ከርከሮው በአይስቴ በኩል ወጣ። ቃታውን ሳበ። ቀጭ! ከፍቶ አየው፤ ባዶ።

«ረስተህ ነው አይደል?» አለ፣ አዎ እንዲለው እየለመነ።

ሚዜው አቀረቀረ። «አምና ከርከሮ ብለህ የተኮስከው እኔን ነበር። ጥይትህ ኮፍያዬን በስቶ አለፈ። ዓይንህ ደክሟል ወንድሜ፤ ልነግርህ አፌ እምቢ አለኝ።»

«እና ዓመት ሙሉ ባዶ ብረት አሸከምከኝ?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። የዓይኑ መድከም እንኳ እንዲህ አላቃጠለውም። ያቃጠለው ምርቃቱ ነው፤ ሲያሞኘው የከረመውን ሰው ሲመርቅ መክረሙ።

በንዴት ማንገቻውን በቢላ ቀደደው። ከውስጡ ቀይ ጠርዝ ያለው አረንጓዴ ብርድ ልብስ ብቅ አለ። የራሱ አልጋ ብርድ ልብስ ነው፤ አምና ሚስቱ «አይጥ ቀረጣጥፎት ጣልኩት» ያለችው። ለካ ምስጢሩን እሷም ታውቅ ኖሯል።

ጠመንጃውን በሲባጎ አንጠልጥሎ ብቻውን ወረደ። ሲባጎው ትከሻውን ሲከረክረው አንዴም አላስተካከለውም።

ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። «ዛሬስ አልቆረጠህም?»

የብርድ ልብሱን ቁራጭ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«አይጧን አገኘኋት» አለ።