ከግድግዳዬ ማዶ ያለችው የሐውልቱ እመቤት

የእኔ ቢጤ ብዕር ይዞ ሲንጠራራ ያሳፍራል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፣ በማታ ትምህርት። የምጽፈው ስለ ጎረቤቴ ነው። በሆዴ «የሐውልቱ እመቤት» እላታለሁ፤ ፊት ለፊት ግን ብያት አላውቅም።

ልብስ ሰፊ ናት። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ የስፌት መኪናዋ ድምፅ እኔ ቤት ድረስ ይገባል። ባሎቻችን አንድ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ነበር የሚሠሩት። ጉድጓዱ ሲደረመስ የእሷ ባል ከነጓደኞቹ እዚያው ቀረ፤ አስከሬናቸውም አልወጣም። የእኔው የዚያን ቀን ተረኛ አልነበረም። የከሰሉ አቧራ ግን ለካ ሳንባው ገብቷል፤ ስንት ዓመት ሲያስል ኖሮ አልጋው ላይ ሞተ።

ሐውልቱ ሲቆም ታዲያ የእሷ ባል ስም ተቀረጸ። የእኔስ? ብል የሐውልቱ ኮሚቴ «ሐውልቱ የዚያን ቀን ለሞቱት ነው» አለኝ። በየዓመቱ በመታሰቢያው ቀን እሷ ከፊት ትቀመጣለች፣ አበባ ይሰጧታል፣ የከሰሉ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ጎንበስ ብሎ ይጨብጣታል። እኔ ከኋላ ቆሜ አንጀቴ እርር ይላል። የተቀረጸውን ስም በጣቷ ስትዳብስማ ብሶብኝ ቁጭ። ሰው በድንጋይ ይቀናል?

ዘንድሮ አልቻልኩም። አበባዋን ታቅፋ ስትመለስ በራፌ ላይ ጠበቅኋት።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ የትልቅ ሰው ሚስት!» አልኳት።

ትሰድበኛለች ስል ደጃፌ ላይ ዝርፍጥ አለች።

«አንቺ ሴት፣ አልጋዬ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ካንቺ ግድግዳ ጋር አስጠግቼዋለሁ። ባልሽ ሲያስል ልሰማ። ‹ይቺ ሴት ውኃ የምታቀብለው ሰው አላት› እያልኩ ስንቴ ቀንቼብሻለሁ! አሁንም መቃብሩ አለልሽ፤ ሄደሽ አረም ትነቅያለሽ። እኔ ከዚያ ድንጋይ ሥር ምን አለኝ? ባዶ እኮ ነው።»

ለካ አንድ ግድግዳ ተደግፈን ስንቀናና ነው የኖርነው።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳውን ደበደብኩ። «ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ!» ብዬ ወደ ባሌ መቃብር ወሰድኳት። አረሙን አብረን ነቀልን። ከዚያ አፈሩ ላይ እጇን ጭና ማልቀስ ጀመረች። አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ከእኔ በላይ አለቀሰች። ቅናቴ ተነሳብኝ።

«ኧረ ይብቃሽ፣ ባሌ እኮ ነው!» አልኳት።

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እኔም ትንሽ ጠጋ አልኩላት።