የማን ሦስት ጣት?

እዚህ ሐይቅ ዳር መረብ የምትጠግነውን ሴት ሰው ሁሉ «መርፌ» ይላታል። በምትሠራበት የእንጨት መርፌ የተነሣ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን አጠገቧ ተቀምጬ ዓሣ ሳጸዳ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ስሙ የወጣላት ለምላሷ እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ሰው ሳትወጋ ከዋለች አሟታል ማለት ነው።

የምንሠራው አንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። እሷ የመረቡን ጫፍ በእግሯ አውራ ጣት ወጥራ፣ ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች ትቋጥራለች፤ እኔ ቅርፊት እፍቃለሁ፣ ሆድ ዕቃ አወጣለሁ። ከኋላችን የጀልባ ሞተር የሚጠገንበት መጋዘን አለ። የናፍጣው ሽታ ከዓሣው ጋር ተደባልቆ ልብሳችን ላይ ስለቀረ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን የሚቀመጥ የለም። እኛም ሰፋ ብለን እንቀመጣለን።

ነገሩ የመጣው ዓሣው ሲያንስ ነው። ድሮ አንድ ዓሣ መጥበሻውን ሞልቶ ጅራቱ ይተርፍ ነበር። አሁን እፍኝ ሙሉ ብትጥሉም የመጥበሻው ቂጥ አይሸፈንም። የዓሣ ሀብት ባለሙያው መጥቶ፣ በብዙ አገር ውሃው ከዓሣ እየተራቆተ እንደሆነ፣ ከእርሻው ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያም ሐይቁን አረንጓዴ እያደረገው እንደሆነ ነግሮናል። እውነቱን ነው። አጥማጆቹ ግን መፍትሔ ብለው ያመጡት ምን መሰላችሁ? ዓሣው ባነሰ ቁጥር የመረቡን ዓይን፣ ማለቴ ቀዳዳውን፣ ማጥበብ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን እግር ሳያወጣ ዘይት ውስጥ ይገባል።

የኋላ ኋላ ተሰብስበው ተስማሙ፤ ዓይኑ ከሦስት ጣት የጠበበ መረብ ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ። በዚህ ዳርቻ ሁሉም ነገር የሚለካው በጣት፣ በስንዝርና በክንድ ነው፤ ሜትር ያለው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ ስብሰባው ተበተነ። የማን ጣት እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም። ረስተውት ነው እንዳልል፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

በማግስቱ መረቦቹ እኛ ጥላ ሥር ሊለኩ መጡ። አንዱ የመጣው ገና ጥርሷን የምትነቅል ልጁን ይዞ ነው። ሌላው ሚስቱን አመጣ፤ ያቺን ነፋስ የሚወስዳት ቀጭን ሴት። ሦስተኛው ደግሞ አማቱን እየደገፈ አምጥቶ፣ «እማማ፣ እስቲ ጣትዎን እዚህ ያስገቡልኝ» ቢላቸው፣ አሮጊቷ ደንግጠው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ደበቁ።

መርፌ ሁሉንም አየችና እጇን አነሣች። ክር ሲጎትት የኖረ፣ ጣቱ እንደ ዝንጅብል ያባበጠ እጅ ነው።

«ሦስት ጣት ማለት ይኼ ነው» አለች። «መረባችሁን የምጠግነው እኔ ነኝ፤ ጣቱም የኔ ነው። ይኼ የማይገባበትን መረብ አልነካም።»

«ኧረ የኛ እመቤት! ያንቺ ሦስት ጣት እኮ የሰው አምስት ነው!» አለ አማቱን ያመጣው።

«ይሁና! ዓሣውም ያን ያህል ይደግ። አንተ ይልቅ እማማን ወደ ቤት መልስ፣ ፀሐይ ይመታቸዋል።»

ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ መረቡን ጠቅልሎ እያጉረመረመ የሄደው በረከተ።

አሁን ስለ ታላቅ ወንድሟ ልንገራችሁ። ከአጥማጆቹ ሁሉ ቃሉ የሚሰማ እሱ ነው፤ እሱ የያዘውን መረብ ሌላው ይይዛል። እናትና አባታቸው ሲሞቱ መርፌን ያሳደጋት፣ መረብ መቋጠርንም ያስተማራት እሱ ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ከሁሉም የጠበበው መረብ የእሱ ሆነ።

አንድ ቀን ውሃ ውስጥ የሰጠመ ግንድ የቀደደበትን መረብ ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። «እት ዓለም፣ ለነገ ጠዋት አድርሺልኝ።»

መረቡን ዘረጋችው። አንድ ጣቷን አስገባች፤ ሁለተኛው እንቢ አለ። «ወንድም ጋሼ፣ ይኼን አልሠራም።»

«እኔን ነው?»

«አንተን ነው። ያንተን ከሠራሁ የማንን እመልሳለሁ?»

«ቤቴ ውስጥ ስንት አፍ እንዳለ ታውቂያለሽ። እኔ የተውኩትን ዓሣ ሌላው ይይዘዋል። ልጆቼ ጦማቸውን ከማደራቸው በቀር ሐይቁ የሚጠቀመው ነገር የለም።»

«ሌላውም አንተን እያየ እንዲሁ ይላል።»

«አሳድጌ አሳድጌሽ የልጆቼን ጉሮሮ ትዘጊ!» ብሎ መረቡን አንሥቶ ሄደ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ተናደድኩባት። «ምነው፣ አንቺ አንጀት የለሽም?» አልኳት። ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ራቃት። መረቡ ሁሉ ለጥገና ወደ ማዶ ዳርቻ ይሄድ ጀመር። ወንድሟ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ሰዉም «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላታል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ከእኔ ጋር ቅርፊት ትፍቃለች፤ እጇ ባዶ ሲሆን ደግሞ በተረፋት የናይለን ክር ዓይኑ የሰፋ አዲስ መረብ ትቋጥራለች።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለወንድሜ።»

«አብደሻል! ሰላምታ እንኳ አይሰጥሽም እኮ።»

«ሰላምታ መች ጠየቅኩት? መረብ ነው የምሠራለት።»

መረቡን በጨረሰችበት ሰሞን የወንድሟ ዓሣ በቅርጫት ሆኖ ለጽዳት እኔ ዘንድ መጣ። አንዱን ከፈትኩ፣ ሌላውን ከፈትኩ፤ እስከ ቅርጫቱ ቂጥ ድረስ እንቁላል የያዘች አንዲት እንኳ ጠፋች። ሁሉም ጫጩት ነው። ጠርቼ አሳየኋት። ቅርጫቱን በአንድ እጇ፣ አዲሱን መረብ በሌላው ይዛ ጀልባው ድረስ ወረደች። ነገር ይመጣል ብዬ እኔም ቢላዬን እንደያዝኩ ተከተልኳት።

«እያቸው» አለችው። «አንዷም አልወለደችም፤ ለመውለድም አልደረሰችም። ነገ ከየት ይመጣል ብለህ ነው? ወንድም ጋሼ፣ እኔን ገና ልጅ ሳለሁ ሊወስዱኝ የመጡትን ሽማግሌዎች በዱላ ያባረርካቸው አንተ አይደለህም? ‹ሳትደርስ አልሰጥም› ብለህ?»

ወንድሟ ቅርጫቱን ብዙ አየ። ትልቅ ሰው ሲያፍር ማየት ደስ አይልም፤ እኔ ወደ ሐይቁ ዞርኩ። ስመለስ አዲሱን መረብ በእጁ እያገላበጠ ነበር።

«መቼ ሠራሽው?»

«ሥራ ፈት አደረጋችሁኝ አይደል?»

በነጋታው አዲሱን መረብ ጭኖ ወጣ። ዳርቻው ሁሉ ዓይኑን ተክሎ ጠበቀው። ሲመለስ ባልዲው ውስጥ የነበረው በጣት የሚቆጠር ነገር ነው፤ ዓሦቹ ደህና ደህና ቢሆኑም ለዚያ ሁሉ አፍ የት ይደርሳሉ! አማቱን ያመጣው ሰውዬ ጮክ ብሎ ሳቀ። የወንድሟ ሚስት ባልዲውን አይታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጆቹ ሳህን ይዘው ቆመዋል፤ ትንሿ ባልዲው ሥር ሌላ ዓሣ ያለ መስሏት እጇን እየሰደደች ትፈልጋለች።

መርፌ ልጅቷን አየች። ያን ሁሉ ወንድ ያሸነፈች ሴት፣ ወደ ጀልባው ጠጋ ብላ የመረቡን ጫፍ ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድም ጋሼ... ላጥብበው እንዴ? ትንሽ ብቻ። ለነገ ይደርሳል» አለች።

ልጆቹን አየ፤ ከዚያ የቆመውን አጥማጅ ሁሉ አየ።

«እጅሽን ከመረቤ ላይ አንሺ» አላት፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ነገም በዚሁ ነው የምወጣው።»

ከዚያ የትንሿን ሳህን ተቀብሎ ትልቁን ዓሣ አስቀመጠላትና፣ «ለሁላችሁም ነው፣ ተካፈሉ» አላት።