ከስንዝር ያለፈ ስለት

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ መናኸሪያ፣ የጅማው አውቶቡስ ውስጥ ልገባ ስል፣ ፈታሿ ልጅ ቦርሳዬን ከፍታ በጋዜጣ የጠቀለልኩትን ካራ አወጣች። ካራው የእህቴ ልጅ ያዘዘችኝ ነው። ጅማ ስንት የፋብሪካ ቢላ ሞልቶ፣ እሷ ለመስቀል ሥጋ መቁረጫ የቦንጋ ቀጥቃጭ የሠራው ካልሆነ አልፈልግም ብላኝ ነበር። ፈታሿ ካራውን ጠረጴዛዋ ላይ በቀለም ከተሰመረ የስንዝር መስመር ጋር አስተያየችው።

"አባባ፣ መስመሩን አልፏል። ረዳቱ ጋ ነው የሚሄደው።"

"ለመሆኑ መስመሩ በማን ስንዝር ተለካ?" አልኳት። የጃጀሁ ሳይመስላት አልቀረም፤ ሳቅ አለች። እኔን ግን ጥያቄው ይዞኝ ወደ ሺሺንዳ መንገድ ተመለሰ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ጎረምሳ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት፣ ሺሺንዳ የሚያስተምር ሰው አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ባሏ ለክረምት ኮርስ ሄዶ ስለነበር አባቴ እኔን ላከኝ። ነሐሴ ውስጥ ምጡ ያለ ቀኑ መጣ። የጤና ጣቢያው ነርስ አይታት ፊቱ ጠቆር አለና፣ "ልጁ ተገልብጧል፤ ዛሬውኑ ቦንጋ ሆስፒታል አድርሳት" አለኝ። አምቡላንስ ያኔ ለእኛ ወሬ ነበር። ያለን የጠዋቱ ቅጥቅጥ ብቻ ነው።

ከመኪናው በር ላይ የሺሺንዳው ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ተፈራ ቆመዋል። ባለፈው የገበያ ቀን ጋሽ አለሙና ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ድንበርተኞች በቡና መሬት ተጣልተው፣ ገጀራ ተማዝዘው፣ ሰው በመሀል ገብቶ ነው የተረፉት። ከዚያ ወዲህ ከስንዝር ያለፈ ስለት ይዞ መኪና ውስጥ መግባት ተከልክሏል። ሰንጢ ያለው ይገባል፤ የሽንኩርት ቢላ ያላትም ትገባለች። ጩቤ ግን ቢያጥርም አይታለፍም፤ በሁለት ወገን የተሳለ ነገር ለሽንኩርት አልተሠራም ይሉ ነበር ሃምሳ አለቃ። ገጀራና ካራ ሁሉ ጆንያ ውስጥ ገብቶ፣ አፉ በሲባጎ ታስሮ ጣሪያ ላይ ይጫናል፤ ቦንጋ ሳይደርስ አይፈታም። በዚያ አገር ሰው ያለ ገጀራ ከቤቱ አይወጣም። መንገድ ይጠርጋል፣ እንሰት ይቆርጣል፣ ሸንኮራ ይልጣል። ስለዚህ ጆንያው ሞላ። ሃምሳ አለቃ እጃቸው የዳቦ መጋገሪያ አካፋ ያህል ስለነበር ሰው ሁሉ በእሳቸው ስንዝር ካልተለካልኝ እያለ ይሟገት ነበር።

የሚገርመው፣ ሁለቱም ባላንጣዎች እዚያው መኪና ውስጥ ነበሩ። ለካ ቀጠሯቸው በዚያ ቀን ቦንጋ ፍርድ ቤት ነው። ጋሽ አለሙ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ጋሽ ወልዴ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሃምሳ አለቃ መሀል ላይ ቆመው ይሄዳሉ። ሁለቱም ጎልማሶች፣ ሁለቱም ትከሻቸው የሰፋ ናቸው።

ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጫካው ያጨሳል። በመስኮቱ የእርጥብ ቅጠልና የኮረሪማ ሽታ ይገባል። አንዲት አሮጊት የተጠበሰ በቆሎ ሸልቅቀው ለእታለም ያቀብላሉ፤ እሷ ግን አንዷን ፍሬ እንኳ መዋጥ አቅቷት እጄን ጨምቃ ይዛዋለች። ጥርሷን ስትነክስ እኔም አብሬ እነክሳለሁ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ጫካው መሀል ስንደርስ ቅጥቅጡ ቆመ። ዛፍ ወድቆ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። ግንዱ የሰው ወገብ ይወፍራል። ወንዶቹ ወርደው ገፉት፣ ንቅንቅ አላለም። አንዱ ሰንጢውን አውጥቶ ቅርንጫፍ መከርከም ሲጀምር ሰው በንዴት ሳቀበት። እታለም ውስጥ ሆና ጮኸች። ያን ጊዜ ሁሉም ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ ያለውን ጆንያ አየ፤ ቀጥሎም ሃምሳ አለቃን።

ሃምሳ አለቃ ጆንያውን አዩ፣ ጋሽ አለሙን አዩ፣ ጋሽ ወልዴን አዩ። ሰውየው ምን እያሰቡ እንደሆነ እኔ እንኳ ገብቶኛል። እታለም ደግማ ጮኸች።

"አውርዱት" አሉ።

ሲባጎው ተፈታ። ገጀራው ሁሉ ከጆንያው ሲወጣ እንደዚያ ብዙ ስለት በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ሌላው ሰው በቅርንጫፉ ላይ ተሰማራ። ግንዱን ግን የቡና ጥላ ዛፍ ሲጥሉ የኖሩት ሁለቱ ካልሆኑ ማንም አይደፍረውም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ማንም ሳያዛቸው ግራና ቀኝ ቆሙ። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ያወርዳል፣ ፍንጣሪው ፊታቸው ላይ ይዘንባል። አንዱ አንዴ ቢስት ገጀራው የሚያገኘው እንጨት አልነበረም።

ግንዱ ከተጋመሰ በኋላ የጋሽ ወልዴ ገጀራ ከእጀታው ወልቆ ጭቃ ውስጥ ገባ። ጋሽ ወልዴ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ጋሽ አለሙ ትንሽ ቆረጡ፣ ደከሙ። ቀና ብለው ባላንጣቸውን አዩ። ከዚያ ገጀራውን ገለበጡና ስለቱን በራሳቸው መዳፍ ይዘው እጀታውን ወደ ጋሽ ወልዴ ዘረጉ።

በእኛ ዘንድ ቢላ እጅ በእጅ አይሰጥም፤ ያጣላል። ከእናትህ ጋር እንኳ ብትሆን መሬት ታስቀምጥላታለህ፣ እሷ ታነሳዋለች። ባለ በቆሎዋ አሮጊት ከመስኮቱ ሆነው በካፊኖኖ አንድ ነገር ጮኹ፤ ቀጥለውም በአማርኛ፣

"ኧረ እጅ በእጅ! ኧረ መሬት አድርጉት፣ ያጣላችኋል!"

ጋሽ አለሙ እጃቸውን አላጠፉም።

"እትዬ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ቀርቶን ነው የሚያጣላን?" አሉ።

መጀመሪያ የሳቀው ሾፌሩ ነው። ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። እታለም እንኳ ከምጧ መሀል ስትስቅ ሰማኋት። ጋሽ ወልዴ ግን አልሳቁም። እጀታውን ያዙ። ጋሽ አለሙ ባዶ እጃቸውን፣ ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት፣ ፊት ለፊታቸው ቆመዋል። ሃምሳ አለቃ አንድ እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። ጋሽ ወልዴ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ወደ ግንዱ ዞሩ፣ መቱት። ሲደክማቸው እሳቸውም ስለቱን በራሳቸው መዳፍ ይዘው፣ እጅ በእጅ መለሱ። ግንዱ እስኪበጠስ ድረስ አንዲቷ ገጀራ በሁለቱ መሀል ስትመላለስ ቆየች። እኔ እዚያ ጭቃ ላይ አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ቀን ጸጉሬ ቆሞ አያውቅም።

መንገዱ ሲከፈት ሃምሳ አለቃ ስለ ጆንያው ቃል አልተናገሩም፤ ረስተውት ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። ሰው ግን እየመጣ ገጀራውን ራሱ ከተተ። የመጨረሻዋን የከተቱት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ የጋሽ አለሙ ገጀራ ነበረች። ያን ቀን ጆንያው ሳይታሰር ቦንጋ ገባ።

እታለም በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። የመሬቱ ክርክር እንኳን በዚያ ቀን ሊያልቅ፣ ዓመታት ፈጀ፤ የእርቅ ተረት ላወራላችሁ አልፈልግም። ሁለቱ ሰዎች ግን ሲከራከሩ በወረቀት ነበር እንጂ ዳግመኛ ገጀራ አልተማዘዙም።

መናኸሪያው ውስጥ ይህ ሁሉ በሐሳቤ ሲመላለስ ፈታሿ ካራውን መልሳ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በክር አስራ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ወስጄ ለረዳቱ እንድሰጥ ነው። እኔ ግን አላነሳሁትም፤ እጄን ዘረጋሁ።

"በእጅሽ ስጪኝ፣ ልጄ።"

"ውይ አባባ፣ ያጣላናል እኮ።"

"አያጣላንም። ይህ ካራ የሚሄደው እጅ በእጅ በተሰጠ ገጀራ ወደ ተወለደች ልጅ ነው።"

ነገሩ አልገባትም፤ ከኋላዬ ሰልፉ ይጉረመረማል። አንድ አፍታ አመነታች። ከዚያ ካራውን አነሳች፣ በጋዜጣው ላይ ስለቱን በራሷ መዳፍ ያዘችና እጀታውን ወደ እኔ አዞረች።