የቤት ሥራዬና የለሊሴ ወሬ

ሐዋሳ በምሠራበት ቢሮ ኮሪደር ላይ አንድ አሮጌ የፎቶ ኮፒ ማሽን አለ። ከማሽኑ ገና ትኩስ ሆኖ የሚወጣ ወረቀት ሽታ፣ ያ ቀለምና ሙቀት የተቀላቀለበት ሽታ፣ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር አዳማ ይመልሰኛል፤ ሁለት አልጋና አንድ ጠረጴዛ ወደነበራት፣ ነፋስ ሲነሳ የፓፓያው ቅጠል መስኮቷን እየመታ ወደሚረብሸን ክፍላችን። ያን ጊዜ ወርክሺት የምንለው የጥያቄ ወረቀት በየቀኑ እየተባዛ ይታደለን ነበርና ቦርሳዬም፣ ደብተሬም፣ የዩኒፎርሜ እጅጌ ሳይቀር ያንን ይሸት ነበር። እህቴ ለሊሴ «አንቺ ከበር ስትገቢ ቀድሞሽ የሚገባው ሽታሽ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እኔና ለሊሴ መንታ ነን። እሷ ትንሽ ቀድማኝ ስለተወለደች በታላቅነቷ ትኮራለች። አባታችን የወለንጪቲ ገበሬ ልጅ ሲሆን መልካሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ውስጥ በቴክኒሻንነት ይሠራ ነበር፤ ጠዋት በሰርቪስ ይሄድና ማታ ጫማው አፈር ለብሶ ይመለሳል። እናታችን ከሆሳዕና መጥታ አዳማ የቀረች፣ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የምትሸጥ፣ እሁድ እሁድ ቸርች ሄዳ ከሁሉም ድምፅ የሷ ተለይቶ የሚሰማ ሴት ናት። እኛ ሁለታችን እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ መጽሐፍ ተካፍለን፣ የቤት ሥራችንንም ግማሹን እሷ ግማሹን እኔ ሠርተን እየተቀያየርን ነው ያደግነው።

ስምንተኛ ክፍልን በጨረስንበት ክረምት፣ ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤቱ ተመርጠው ለሚገቡበት ልዩ ትምህርት ቤት ሁለታችንም ተፈተንን። ነሐሴ ላይ ውጤቱ በር ላይ ተለጥፏል ሲባል በጭቃው እየተንሸራተትን ሄድን፤ ሰዉ በሩን ሞልቶት ስለነበር እኔ ዳር ቆሜ ለሊሴ በሰው መሀል ተሹለክልካ ገባች። ስትወጣ ፊቷ በሳቅ ተሞልቶ ነበር።

«አልፈሻል» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔማ የራሴን ሳላይ ገፍተው አወጡኝ። ነገ አየዋለሁ።»

ማታ አባዬ ሄዶ አይቶት ሲመለስ ጃኬቱን ሰቅሎ ቁጭ አለ፣ ከዚያም ለሊሴን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣት። እሷ ግን ማንም እንዲያባብላት አልፈለገችም፤ «በቃ፣ እኔ መረብ ኳሴን እጫወታለሁ» ብላ ተነስታ ወጣች። ስታለቅስ አላየኋትም። በማግስቱ ዓይኗ አብጦ ነበር።

መስከረም ሲገባ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። በዚያ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ አስተማሪ ከሱ ትምህርት ሌላ ዓለም ላይ ምንም እንደሌለ ቆጥሮ የቤት ሥራ ይሰጥ ነበር፤ የሒሳቡ አንድ ጥራዝ ሰጥቶ ሲወጣ የፊዚክሱ ሌላ ይዞ ይገባል፣ የኬሚስትሪዋ ደግሞ ከፍ ካለው ክፍል መጽሐፍ ቀድታ የመጣችውን ታድላለች፣ ቅዳሜም ተጨማሪ ክፍል አለ። አማካይ ውጤቱ ከተወሰነው በታች የወረደ ተማሪ ወደ መጣበት ትምህርት ቤት ይመለሳል። ይህ ሕግ ስለነበር ሁላችንም አጎንብሰን ነበር የምንኖረው። በመጀመሪያው ዓመት ከአጠገቤ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ከጥር ዕረፍት በኋላ ሳይመለስ ሲቀር ማንም ስሙን አላነሳም፤ ወንበሩ ብቻ ወደ ኋላ ተገፋ።

እቤት ውስጥ የኔ የነበረው ሥራ ሁሉ ቀስ እያለ ለለሊሴ ተላለፈ። ውሃ በሚመጣበት ቀን በርሜሉን የምትሞላው፣ ግቢውን የምትጠርገው፣ እማዬን ሱቅ የምታግዘው እሷ ሆነች። እማዬ ሳታስበው መዝሙር ስትጀምር አባዬ በዓይኑ ወደ ክፍላችን ያመለክታታል፣ እሷም ታቋርጠዋለች። አብረን እንሄድበት የነበረውን የቸርች መዘምራን ልምምድ እኔ ስተወው ለሊሴ ብቻዋን መሄድ ጀመረች። እኔ ከጠረጴዛው አልነሳም ነበር።

ግን ለሊሴ ባዶ እጇን ተመልሳ አታውቅም። አመሻሽ ላይ ከልምምድ ወይም ከሜዳ ስትመለስ ነጠላ ጫማዋን በር ላይ ጥላ፣ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ እግሯን ግድግዳው ላይ ሰቅላ የቀኑን ወሬ ትጀምርልኝ ነበር። መንገድ መሀል ቆሞ አልሄድም ስላለ የጋሪ ፈረስና ከኋላው ተደርድረው ክላክስ ስለሚያስጮኹ ባጃጆች፣ ልምምድ ላይ ከፍ ያለውን ዜማ እወጣለሁ ብሎ ድምፁ ስለተሰበረ ልጅ፣ የእማዬ ሱቅ ገብታ ጨርቁን ሁሉ አስዘርግታ ምንም ሳትገዛ ስለወጣች ሙሽራ ትነግረኛለች፤ ስትነግረኝ እንደ እያንዳንዱ ሰው እየተናገረች፣ እንደ ፈረሱም ጭምር እየሆነች ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስሌቴን እየሠራሁ እሰማታለሁ፤ ሳቄ ሲያመልጠኝ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ዞር እላለሁ፣ ያኔ ደስ ይላታል።

ኅዳር ሲመጣ ወለንጪቲ አጨዳ ነበር። ትንንሾች ሳለን ወሩ እስኪገባ አንቀመጥም፤ በኦሮምኛው አካኮ የምንላቸው አያታችን አባዬ ከምርምር ጣቢያው አምጥቶ ባስለመዳቸው ዘር ቦለቄ ያመርቱ ነበርና፣ የደረቀውን ተክል ሲነቅሉ ከኋላቸው እየተከተልን የረገፈውን ፍሬ እንለቅም ነበር። ልዩ ትምህርት ቤቱ ከገባሁ በኋላ ግን እነሱ ቅዳሜ በማለዳ ሲሄዱ እኔ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘሀራ ጋር እቀራለሁ። ለሊሴ ማታ ከነአቧራዋ ትመለስና አካኮ ያሉትን፣ የበሉትን፣ የተቆጡትን ሁሉ ትነግረኛለች። ከፋሲካ በኋላ መዘምራኑ ላንጋኖ ሲሄዱም እንደዚያው ሆነ፤ ውሃው ወተት እንደተጨመረበት ሻይ መሆኑን፣ ልብሳቸውን እንደለበሱ መግባታቸውን ነገረችኝ፣ እኔም ላንጋኖን ሳላየው ወደድኩት።

አንዳንዴ አካኮ ራሳቸው አዳማ ይመጡ ነበር። ረጅም ናቸው፣ በራችንን ጎንበስ ብለው ነበር የሚገቡት። አንድ ቀን ከዘራቸውን ተደግፈው ከወረቀት ክምር መሀል ትክ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና አባዬን ጠሩት።

«ይህቺ ልጅ ምን በድላ ነው የታሰረችው?»

«አልታሰረችም አባባ፣ እያጠናች ነው። ነገ ትልቅ ሰው ትሆናለች።»

«ነገስ እሺ» አሉ አካኮ። «ዛሬስ?»

አባዬ ሳቀና ወንበር ሳበላቸው።

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጥር ላይ፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ሰማዩን ባደፈረሰበት ሰሞን የመንፈቁ ማጠቃለያ ፈተና ደረሰ። በዚያ ዓመት ፊዚክስ አዳክሞኝ ነበር፣ ውጤቴም ከተወሰነው መስመር ብዙም ከፍ ያለ አልነበረም፤ በዚህ ፈተና ካልተነሳሁ እንደምመለስ እኔም አባዬም እናውቃለን። ፈተናው የሚጀመረው ሰኞ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ አባዬ ድንገተኛ የመስክ ሥራ ገጥሞኛል ብሎ ወጣ። ሰኞ ማታ ከፈተና ስመለስ እማዬም ለሊሴም አልነበሩም፤ እትዬ ዘሀራ ምሳ ዕቃ ይዛ መጥታ እያጎረሰችኝ «እነሱ ይመጣሉ፣ አንቺ ብይና አጥኚ» አለችኝ። ለሊሴ ስትገባ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የወለንጪቲ አፈር ነበረው።

«የት ነበርሽ?»

አጎንብሳ አፈሩን ከእግሯ አራገፈች። «አካኮ ጋ። ውቂያ ላይ ናቸው፣ ሰው አንሷቸው አስጠሩን።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አለችና አልጋዋ ላይ ወጣች። እግሯን ግን ግድግዳው ላይ አልሰቀለችም። ከዚያ መናገር ጀመረች። አካኮ አዲስ ጫማ ገዝተው፣ ቀኙን በግራ ግራውን በቀኝ አድርገው አውድማው ላይ ሲዞሩ ውለው፣ ማንም ደፍሮ ሊነግራቸው አቅቶት፣ ማታ ላይ ራሳቸው አይተውት «ለዚህ ነዋ መንገዱ የጠመመብኝ» ማለታቸውን ነገረችኝ። ሳቅሁ። በማግስቱ ደግሞ የጎረቤት ፍየል ካፖርታቸውን ስትበላ ደርሰውባት እንደ ሰው ቁጭ አድርገው እንደመከሯት አወራችልኝ። እንዲህ እያለች ሳምንቱን ሙሉ አካኮን ይዛልኝ ትመጣ ነበር፤ እኔም ፊዚክሴን እያጠናሁ፣ እየሳቅሁ፣ ፈተናው ሲያልቅ ወለንጪቲ እንድንሄድ እየለመንኳት አሳለፍኩት። ሐሙስ ለታ «አካኮ ስላንቺ ጠየቁ» አለችኝ።

«ምን አሉ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ትምህርቷን ስትጨርስ እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ትበል አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።»

ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ የሰው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሳሎኑ ሞልቶ ነበር፤ የቸርች ሽማግሌዎች፣ አጎቴ፣ ጥቁር የለበሰችው እናቴ፣ ከበሩ አጠገብ እትዬ ዘሀራ ቆማለች። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ልጅ ሆኜም አውቅ ነበርና ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። አካኮ ባለፈው እሁድ ሞተው ሰኞ ተቀብረው ነበር። ለሊሴ እግሯ አፈር ለብሶ የመጣችው ከቀብራቸው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል፤ እማዬ ጥቁሯን እትዬ ዘሀራ ቤት እየቀየረች ነበር የምትገባው፣ ሊያስተዛዝን የመጣውንም ሰው እትዬ ዘሀራ በር ላይ እየቆመች «ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፣ ወለንጪቲ ሂዱ» እያለች ትመልሰው ነበር።

ጮኼ ካለቀስኩ በኋላ ዓይኔ ለሊሴን ፈለገ። ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ጫማውስ?» አልኳት።

«ሁሉንም እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አለች። «አካኮ የሉም ብዬ እንዳልነግርሽ እየፈራሁ፣ ዝም ብል ደግሞ ታውቂብኛለሽ ብዬ።»

አባዬ ከመሀል ገባ። «እሷን አትውቀሺ። እኔ ነኝ እንዳትናገር ያልኳት» አለ። ከዚያም ነግሮን የማያውቀውን ነገር ነገረን። ኮሌጅ ሳለ ከፈተና ክፍል አስጠርተው የእናቱን ሞት አርድተውት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጥቶ፣ ዳግመኛ ሳይፈተን ቀርቷል። «እኔ ላይ የደረሰ አንቺ ላይ እንዳይደርስ ነው» አለኝ። ልቆጣው ፈልጌ ቁጣው አልመጣልኝ አለ።

ለቅሶው ላይ ሳለን የለሊሴ አስተማሪ ሊያስተዛዝን መጣና ሲወጣ «የቀሩባትን ፈተናዎች መቼ እናድርግላት?» ብሎ አባዬን ጠየቀው። በዚያው ሳምንት እሷም ፈተና ነበረባት። የኔ ፈተና እንዳይነካ ቤት ሙሉ ሰው ሲጠነቀቅ ስለሷ ፈተና የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። እማዬ አፏን በእጇ ያዘች።

«ለምን አልተናገርሽም?» አላት አባዬ።

«ቀብር ነበር» አለች ለሊሴ። «ደግሞም ማንም አልጠየቀኝም።»

አባዬ በማግስቱ አብሯት ሄዶ፣ ፈተናዎቹን በአንድ ከሰዓት በኋላ በዳይሬክተሩ ቢሮ ቁጭ ብላ እስክትጨርስ ድረስ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቃት። አለፈች። እኔም ፊዚክሱን አልፌ በትምህርት ቤቱ ቀረሁ።

ለሊሴ ለተወሰነ ጊዜ ወሬ ተወች። ሙቀቱ በርትቶ ቆርቆሮው ሲንቋቋ ግንቦት ላይ እንደገና ጀመረች፤ ግን እኔ አንዳንዴ ሳላስበው «እውነት ነው?» እያልኩ አቋርጣት ነበር። «እውነት ነው» ትለኛለች፣ ትቀጥላለችም፣ ድምፁ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ክረምት ሲገባ አባዬ ሁለታችንንም ወለንጪቲ ወሰደን። ዝናብ ጥሎ ነበር። ለሊሴ እጄን ይዛ መቃብሩን አሳየችኝ፣ ከዚያም ከግራሩ ሥር ቁጭ ብለን አካኮን ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት ያየቻቸውን ቀን እንደነበረ ነገረችኝ፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ሳል ይዟቸው ነበር፣ ውሃ ሰጠቻቸው፣ መረቋት። እንደ ማንም አልሆነችም፤ በራሷ ድምፅ ነው የነገረችኝ። እኔም እውነት ነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

ዛሬ ለሊሴ አዳማ ነው ያለችው፤ የእማዬን ሱቅ ይዛ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። እኔ ያጠናሁትን ሁሉ አጥንቼ በመስኖ መሐንዲስነት እሠራለሁ፣ ለሥራም በሐይቆቹ ዳር ስመላለስ ላንጋኖን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያምራል፣ ለሊሴ የነገረችኝን ያህል ግን አይሆንም። አካኮንም ሳስታውስ ቀድመው የሚመጡልኝ ጫማቸውን አዟዙረው ያደረጉት፣ በዚህ ምድር ላይ ሳይኖሩ እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ሳምንት የኖሩት አካኮ ናቸው።

ከሥራ ስመለስ ምሽቱ የራሴ ነው፤ የሚጠብቀኝ ጥያቄም ወረቀትም የለም። ለሊሴ እሁድ ከቸርች ስትመለስ ትደውልልኛለች። አንድ ወሬ ትጀምርና መሀል ላይ ትንሿ ታለቅሳለች፣ ትልቁ የሆነ ነገር ይሰብራል፣ «ቆይ፣ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ» ትለኛለች። ያኔ ጊዜ ያልነበረኝ እኔ ነበርኩ፣ ዛሬ ጊዜ የሌላት እሷ ናት። አንዳንዴ ስልኩን ሳትዘጋ አስቀምጣው ትሄዳለች፣ እኔም አልዘጋውም፤ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የቤቷን ጫጫታ፣ የልጆቿን ሩጫ፣ የሷን «ተው እንጂ» እሰማለሁ፤ ካርዷ አልቆ እስኪቋረጥ ድረስ።