የውሸት ለቅሶ በሰሊጥ ማሳ

በጥቅምት የክፍሌን መስኮት ስከፍት፣ ያልደረቀ የሰሊጥ ሽታ ከማሳው ተነሥቶ ይገባል። ሰሊጥ ደስ የሚል ሽታ የሚኖረው ከተቆላ በኋላ ነው፤ በአጨዳ ጊዜ ግን ይጎመዝዛል፣ እጅ ላይ ተጣብቆም በሳሙና አይለቅም። በቆላዋ ከተማ በሽንፋ ማስተማር ከጀመርሁ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ጠመኔዬን እንደያዝሁ፣ ተማሪዎቼ እስኪታዘቡኝ ድረስ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ እቆማለሁ።

በክረምት ጥቁሩ ጭቃ መንገዱን ስለሚዘጋው ወደ መንደራችን መኪና አይገባም ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ ትርንጎ ለአረም ከደጋ ከመጡት የቀን ሠራተኞች ጋር በአባታችን ዳስ ሥር ዝናብ ተጠልለን እንውል ነበር። ትርንጎ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የሰው አነጋገር መቅዳት ትችልበት ነበር። የወሎውን ሰው ሆና «ኧረ ወላሂ ጀርባዬ ተቆረጠ!» ትላለች፤ ወዲያው ወገቧን ይዛ የሠራተኞቹን አለቃ አያ ምትኩን ትሆንና «እኮ ምን አልሁህ!» ትላለች። አያ ምትኩ በየዓመቱ ከጎጃም እየመጣ የአባታችንን ማሳ የሚያሳጭድ ሰው ነበር። «አንች ልጅ፣ እኔን ከእኔ አብልጠሽ ሆንሽ፤ በይ ነገ ማጭዱንም አንች ያዥልኝ» ሲላት ዳሱ በሳቅ ይሞላ ነበር። እኔ መቅዳት አልችልም፤ የምችለው ማስረዳት ነበር። ማን ከየት እንደመጣ፣ ትርንጎ ማንን እየሆነች እንደሆነ፣ ላልገባው ሁሉ በተራ እያስረዳሁ ከእሷ ሳቅ ድርሻዬን እወስድ ነበር።

ዝናቡ አልፎ ሰሊጡ ቢጫ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ድራማ የሚሠሩ ሰዎች በነጭ መኪና መጡ። ታሪኩ ከአባቷ ጋር ለአጨዳ ወደ ቆላ ስለወረደች ልጅ ነበር፤ አባትዬው በማሳው ላይ ይሞትባታል። ትርንጎ አያ ምትኩን ሆና ሲያዩዋት ጊዜ አላጠፉም፤ አዘጋጁ አባታችንን ጠርቶ «ልጅዎ ተሰጥኦ አላት፣ ለሁለት ቀን ብቻ» አለው። የተፈረመ ወረቀት አልነበረም፤ አባታችንም እንግዳ ማሳፈር አልወደደምና እሺ አለ። እናታችን አራስ ስለነበረች ከቤት አትወጣም፤ ሻሿን እያጠበቀች «ትርንጎን አደራ፣ ከዓይንሽ እንዳትርቅ» ያለችው እኔን ነበር።

ሁለቱ ቀን አራት ሆነ። እነሱ የሚሠሩት ከጠዋት እስከ ማታ ነበር፤ ቆላ ደግሞ አምስት ሰዓት ካለፈ አጫጅ እንኳ ዳስ ፈልጎ ያርፋል። አንድ ትልቅ ጥላ ነበራቸው፤ የሚዘረጋው ግን ለካሜራው ነበር፣ እንዳይግል ብለው። ትርንጎ ፊቷን አመድ ተቀብታ፣ የተቀደደ ቀሚስ ለብሳ ፀሐይ ላይ ትቆማለች፤ ውሃ ስትጠይቅ «ከንፈርሽ መድረቅ አለበት፣ ሚጣ፤ ትንሽ ታገሺ» ይሏታል። በአራቱም ቀን ስሟን የጠራ አልነበረም፤ ሚጣ ነበረች። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ አልተናገርሁም። ማይክሮፎኑ ለምን ጠጉር እንደለበሰ ካሜራማኑን ጠይቄ፣ ለመንደሩ ልጆች በማስረዳት ተጠምጄ ነበር።

በአራተኛው ቀን ልጅቱ አባቷ ሞቶ የምታለቅስበት ክፍል ደረሰ። ትርንጎ የሰው ድምፅ ትቀዳለች እንጂ ሳታዝን ማልቀስ አልቻለችም፤ ሬሳ ሆኖ የተጋደመው ተዋናይ አፍንጫው ላይ ዝንብ ሲያርፍበት ደግሞ ሳቋ ያመልጣት ነበር። ስምንት ጊዜ ያህል ሞከሩ። አዘጋጁ ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ መጣና «አንቺ ጎበዟ፣ እህትሽን ምንድን ነው የሚያስለቅሳት?» አለኝ።

እኔም በተራ አስረዳሁት። አንደኛ፣ ጨለማ ትፈራለች፤ ሁለተኛ፣ እናታችን ስትቆጣት ታለቅሳለች። ሦስተኛና ከሁሉ የባሰው ግን እባብ ነው፤ ባለፈው ዓመት አንድ አጫጅ በእባብ ተነድፎ ሲሞት ስላየች፣ አባታችን ማሳ ሲውል እባብ ይነድፈዋል ብላ ትፈራለች።

«አቤት አገላለጥ! አስተማሪ ነው የምትሆኚው» አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሄዶ ትርንጎ ፊት በርከክ አለና በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት።

የእህቴን ጩኸት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። «አባቴን! አባቴን!» እያለች ሰሊጡ መካከል ወደቀች፤ አዘጋጁም ለካሜራማኑ «ቅረጽ፣ እንዳታቆም» ይል ነበር።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ቆላ ለአጨዳ የሚመጣው ሰው ዘመዱ ሩቅ ነው፤ ቢሞት የሚያለቅስለትም የሚቀብረውም የለውም። ስለዚህ በአጨዳ ወራት የለቅሶ ድምፅ የሰማ ሁሉ፣ የማን ነው ሳይል፣ የማንም ማሳ ላይ ቢሆን ማጭዱን ጥሎ ይመጣል። የደረሰ ሰሊጥ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ቢሆንም ባለማሳው ሠራተኛውን አይከለክልም፣ ራሱም ቀድሞ ይሮጣል። እንግዶቹ ይህን አያውቁም ነበር፤ ሕዝቡም ከካሜራ ፊት የሚለቀስ ለቅሶ መኖሩን አያውቅም ነበር።

ከሦስት ማሳ ሰው መጣ። አያ ምትኩ ቀድሞ ደርሶ ትርንጎን ከመሬት አነሣትና «ማን ነው የሞተው?» አላት።

«አባቴ... እባብ...»

አያ ምትኩ ጠዋት ከአባታችን ጋር በአንድ ገበታ ቁርስ የበላ ሰው ነው። እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ወየው ወንድሜን!» ሲል ወንዶቹ ሁሉ ተቀበሉት፤ አንዱ ደረቱን ይመታል፣ ሌላው መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ካሜራው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞር ነበር። በዚህ መካከል አባታችን በወንዙ ዳር ሲሠራ ለቅሶ ሰምቶ፣ የሰው ሞት መስሎት፣ እያለከለከ ወደ ራሱ ለቅሶ ደረሰ።

አንድ ሰው ሳቅም ለቅሶም ባልሆነ ድምፅ «አጨዳ ጥለን የመጣነው ለሬሳ፤ ሬሳው ሮጦ መጣ!» አለ። ትርንጎ ግን አባታችንን ባየች ጊዜ ጮኻ ወደ ኋላ ሸሸች። ሞቶ የተነሣ መስሏት ነበር። እጇን ሊይዛት ሲሞክር ነከሰችው።

አዘጋጁ እጁን እያጨበጨበ «ድንቅ ነው! አሁን አንዴ ብቻ ከዚህ በኩል እንድገመው» ሲል አያ ምትኩ ሄዶ ከካሜራው ፊት ተቀመጠ። «እስቲ ድገመው። በእኔ ላይ አድርገህ ድገመው» አለ። የቀሩትም ሠራተኞች አንድ በአንድ መጥተው ከጎኑ ተቀመጡ፤ ማሳው ሙሉ ሰው ሆነ። አባታችን ድምፁን ሳያነሣ «ልጄን በቁሜ አስለቀሳችሁብኝ፤ ማን ፈቀደላችሁ?» አለ።

አዘጋጁ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ጠቆመ። «እኛ ምን እናውቃለን? ታላቋ ናት የነገረችን።»

ትርንጎ አየችኝ። አላለቀሰችም።

ከዚያ ወዲያ በጋው ገባ፤ ትርንጎም ማንንም ሆና አልተናገረችም። አባታችን ማሳ ሲሄድ ዱላ ይዛ ከፊቱ ትሄድና ሣሩን እየመታች መንገዱን ታይለት ነበር። ድራማው የታየ ለታ መንደሩ በሙሉ ጄነሬተር ካለው ሻይ ቤት ተሰበሰበ። ያንን ጩኸት ቆርጠው አልጣሉትም ነበር፤ ሰዉም «እንዴት አድርጋ ሠራችው!» እያለ አጨበጨበ። ትርንጎ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ አባታችን ጉልበት ሥር ተሸጉጣ ነበር። ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ስጠይቃት «እታለም፣ ስታስረጅ ደስ ይልሽ ነበር፤ እሱን አይቸ ነው የተውሁት» አለችኝ። ይቅር ማለቷ ይሁን አለመሆኑ እስካሁን አልገባኝም።

ዛሬ ትምህርት ቤታችን ካሜራና ስልክ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ልጅ ይፈልጋል፤ የሚያምር፣ የሚያሳዝን። እኔ አንድ ገጽ ውል ጽፌ በጠረጴዛዬ መሳቢያ አስቀምጫለሁ፦ ስንት ሰዓት እንደሚቀረጹ፣ ጥላና ውሃ፣ ከልጁ ጋር የሚውል ወላጅ፣ ልጁ እምቢ ሲል ማቆም። ርእሰ መምህሩ «አታካብጂ፣ መምህርት» ይለኛል። ወላጆች ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ እኔ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ደግሞ «እድሏን አትዝጊባት» ይሉኛል። ደክሞኝ ዝም የምልበት ቀን አለ፤ በማግሥቱ እንደገና አነባለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት ተማሪዬ ከገበያው ዳር ሲቀርጿት ዕንባዋ መጣ፤ እውነተኛ ዕንባ ነበር። ድምፅዋን ሰምቼ ሥራዬን ትቼ ስሮጥ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሽንኩርት ሻጩም፣ የባጃጁም ልጅ፣ ሸክም ያወረዱት ሠራተኞችም ቆመው ያዩዋት ነበር። አንዷን ሴት «ልጅቱ ስታለቅስ አትሰሚም?» አልኋት። «ቀረጻ ነው እኮ» አለችኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ ወረቀት አልነበረንም፤ ለአንዲት ልጅ የውሸት ለቅሶ ከሦስት ማሳ ሰው መጣ። አሁን ወረቀቱ አለ፤ የመጣሁት ግን እኔ ብቻ ነበርሁ።