አጎቴ ሰላም ያሉት ሀከር

ለመመረቂያ ጥናቴ፣ ሮቤ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር የሱቅ እንዲመስል አድርጌ ለሀከሮች ሆን ብዬ ክፍት ተውኩት። ገብተው የሚያደርጉትን ተደብቄ አያለሁ። ብዙዎቹ በርብረው ይሄዳሉ። አንዱ ግን እየተመላለሰ ስለሚመጣ የጥናቴን ተስፋ የጣልኩት እሱ ላይ ነበር።

አንድ ቀን አጎቴ ሐጂ ከድር ከጎሮ መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ብቻውን መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ቢስሚላህ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሌባ ነው አጎቴ። ከሩቅ ሆኖ ነው የሚበረብረው። እንዳየነው ካወቀ ይሸሻል።»

«ሌባም ቢሆን ቤት የገባ ሰው ሰላም ይባላል እንጂ!»

ሻይ ልቀዳላቸው ዞር ስል ሰውየው በከፈተው ፋይል ላይ በአንድ ጣታቸው «አከም ጂርታ?» ብለው ጻፉለት። ጥናቴ አበቃለት ብዬ፣ ሳያነበው ልቅደም ስል ተንደርድሬ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩት። ቀና ስል ግን ከሰላምታቸው ሥር በኦሮምኛ መልስ ተጽፏል፦ «ደህና ነኝ። ሮቤ ዝናቡ ገባ ወይ?»

«ምነው ልጄ! የአገራችን ልጅ ነው እኮ!» አሉኝ አጎቴ።

ገመዱን መልሼ ሰካሁት። ሰውየው ግን ዳግም አልመጣም። ጥናቴ ካለቀ ቆየ፤ ኮምፒውተሩን ግን መዝጋት አቅቶኛል። አጎቴ ያስጻፉኝ መልስ አሁንም ስክሪኑ ላይ አለ፦ «ገብቷል። የማን ልጅ ነህ?»